ሲስተር ዝም ካሉ ወዲህ

የመድኃኒት ማፈላለጊያ ቡድናችን ቴሌግራም ላይ ሲጀመር ደንብ የሚባል አልነበረውም። አንዱ የማዘዣውን ፎቶ ይለጥፋል፤ ሌላው «ትናንት ፒያሳ አይቼዋለሁ» ይላል፤ ተመራርቀን እንለያያለን። የሐኪሙ ጽሕፈት አልነበብ ሲል ጡረታ የወጡት ሲስተር ይፈቱልናል።

አባላቱ ሲበዙ ከተሳዳቢዎች ቀድመው የደረሱት አጭበርባሪዎች ናቸው። እነዚህ በአደባባይ ክፉ ቃል አይወጣቸውም። አንዲት እናት ለልጇ ኢንሱሊን እስክትጠይቅ ያደባሉ፤ ከዚያ በውስጥ መስመር «እኔ ጋ አለ፤ ግማሹን ክፍያ አስቀድመሽ ላኪ» ይሏታል። ገንዘቡ እንደደረሰ ሰውየው የለም። መድኃኒቱ በእርግጥ ቢኖረው እንኳ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ በስንት ቦርሳ ዞሮ እንደመጣ በምን ይታወቃል?

የአባላቱን ዝርዝር ደበቅነው፤ ቴሌግራም ከ100 ሰው በላይ ላላቸው ቡድኖች ይህን ይፈቅዳል። ያም ሆኖ የጻፈ ሰው ስሙ ይታያል፤ ለአጭበርባሪ ያ ይበቃዋል። ስለዚህ በግለሰቦች መካከል መሸጥም ሆነ መስጠት ከለከልን፤ የሚነገረው የትኛው ፋርማሲ እንዳለው ብቻ ሆነ። ከደንቦቹ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። አባቱ ያረፉበት ወጣት የተረፈውን መድኃኒት በነጻ ልስጥ ሲል ጽሑፉን አነሳሁበት። «ለነፍሳቸው ብዬ ብሰጥ ወንጀል ሆነ?» አለኝ። ደግነቱን አልጠረጠርኩም። ነገር ግን በማግስቱ «በነጻ ነው፤ የትራንስፖርት ብቻ ላኩ» ብሎ የሚመጣውን ከእሱ በምን እለየዋለሁ?

ስድቡ ኋላ መጣ። ሲስተር አንዱን «አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይውሰዱ» ስላሉት ዕድሜያቸውንም ዘራቸውንም ጠርቶ አዋረዳቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግርን ያስቀጣል፤ ግን ከምሽቱ በ3 ሰዓት ማን ክስ ይመሠርታል? ሰውየውን ወዲያው አገድነው። እኔን ያበገነኝ የሌላው ዝምታ ነው፤ ሲስተር ለእናታቸው መድኃኒት ያገኙላቸው ሰዎች እንኳ ጭጭ አሉ። አንዱ ጭራሽ «ሐሳብን መግለጽ መብት ነው» ብሎ ተከራከረኝ። የራሱ እናት ቢሰደቡ! አሁን ጠብ ሲሸተን አንድ ሰው ሁለተኛ መልእክት ለመጻፍ 5 ደቂቃ እንዲጠብቅ እናደርጋለን፤ የብዙ ሰው ንዴት ያን ያህል አይቆይም።

ሲስተር ግን አልተመለሱም። ደውዬ ብለምናቸው «ለአንተ በስልክ እነግርሃለሁ ልጄ፤ እዚያ ግን አልጽፍም» አሉ። ስለዚህ የማይነበብ ማዘዣ ሲመጣ ፎቶውን ለእሳቸው እልክና መልሱን በእኔ ስም እለጥፋለሁ። ሥራ ላይ ከሆንኩ ጠያቂው እስከ ማታ ይጠብቃል።