የሐጂ መኪና የቀኝ ጎማ

ሐጂ መኪናቸውን ካሳጠቡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ግቢያችን የተመለሱት በቁጣ ነበር። የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ነጯ የቤት መኪናቸው ከጅማ አጋሮ ስትመላለስ ትሰነብታለች፣ አንዳንዴም ጊቤን ተሻግራ አዲስ አበባ ትደርሳለች። ከመኪናው ወርደው ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ የፊት ቀኙን ጎማ በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ «እኔ የከፈልኩት ለአራት ጎማ ነው፤ ሦስቱን አጥባችሁ ይኼን ለማን ተዋችሁት?» አሉ። እኔ በዚያ ግቢ መኪና ተረክቤ ደረሰኝ የምቆርጥ ሠራተኛ ስለሆንኩ ክሱ በቀጥታ የመጣው ወደ እኔ ነው። እውነትም ሦስቱ የአልሙኒየም ቸርኬዎች ቀላል አቧራ ብቻ ይዘው ሳለ፣ የፊት ቀኙ ግን በክንፎቹ መካከል ወደ ውስጥ ጥቁር ቡናማ ለብሶ ነበር።

ያጠበውን ልጅ ጠራሁት። ልጁ ጎማውን አየና፣ «ወላሂ ሐጂ፣ ከአራቱ አብልጬ ያሸሁት ይኼኛውን ነው፤ ያን ቀንም እንዲሁ ጠቁሮ ነው የመጣው» አለ። ሐጂ አላመኑትም፤ እኔ ግን መኪናው ሲወጣ ጎማዎቹ ንጹሕ እንደነበሩ በዓይኔ ስላየሁ ነገሩ ግራ አጋባኝ። ልጁ በበኩሉ ክርክሩን ትቶ ቁጢጥ አለና ጣቱን በቸርኬው ውስጠኛ ክንፍ ላይ አሻሸ፤ ከዚያም ወደ ግራው ጎማ ዞሮ በሌላኛው እጁ ጣት እንዲሁ አደረገ። ሁለቱን ጣቶች ጎን ለጎን ሲያሳየን የግራው ግራጫማ የመንገድ አቧራ ሲሆን፣ የቀኙ ጥቁር፣ ቅባት ሳይኖረው የሚጣበቅና በፀሐይ ሲታይ ደቃቅ የብረት ብልጭታ ያለበት ነበር። «ጋሼን ልጥራው?» አለኝ። ጋሼ የምንለው ከላቫጆው ጀርባ ያለውን ጋራዥ የሚመራውን አንጋፋ መካኒካችንን ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ጥቁር ነገር በየቀኑ ስለምናየው ምንነቱን መጠየቅ እንተዋለን። የዲስክ ፍሬን ባለው መኪና ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ ሁለት የፍሬን ሸራዎች አብሮ የሚዞረውን ዲስክ ከግራና ከቀኝ ይጨብጡታል። ሸራው በሙጫ ተጣብቆ የተጋገረ የቃጫ፣ የካርቦንና የብረታ ብረት ድብልቅ ሲሆን፣ ዲስኩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ነው፤ በሚፋተጉበት ጊዜ ሁለቱም በጥቂቱ ይበላሉ። ከዚያ የሚነሣው ብናኝ ገና ትኩስ እንደሆነ እየተበተነ ቸርኬው ላይ ያርፋል። ውስጡ ያለው ደቃቅ ብረት እርጥበት ሲያገኝ ባረፈበት ቦታ ይዝጋል፣ ዝገቱም ከቸርኬው ልባስ ጋር ያያይዘዋል፤ ተራ አቧራ በውኃ ሲሄድ ይህኛው እምቢ የሚለው ስለዚህ ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በምታገኘው ጅማ፣ ብናኙ ደርቆ የሚከርምበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ከቸርኬ ጋር የሚያያዘው በፍጥነት ነው።

ጋሼ መጥቶ ጎማዎቹን ዞሮ ካየ በኋላ የጠየቀው ስለ አጠባው አልነበረም። «ሐጂ፣ በቅርቡ በአንድ ወገን ብቻ ሸራ አስቀይረዋል?» አላቸው። ጥያቄው የራሱ ምክንያት አለው። ብረት የበዛበት ሸራ ብዙና ጥቁር ብናኝ ሲያወጣ፣ ሴራሚክ የሚባለው ግን ብናኙ ያነሰና ቀለሙም የፈዘዘ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ወጪ ለመቀነስ ሲል አንዱን ወገን ብቻ በሌላ ዓይነት ሸራ ቢያስቀይር ሁለቱ ጎማዎች የተለያየ መልክ ይይዛሉ። ሐጂ ግን ምንም እንዳላስነኩ ተናገሩ። የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ይልቅ መጥቆራቸው ደግሞ የተለመደ ነው፤ መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። በአንድ መስመር ላይ ያሉ፣ ተመሳሳይ ሸራ የለበሱና እኩል የተጓዙ የግራና የቀኝ ጎማዎች ይህን ያህል መለያየታቸው ግን ጋሼን አላስደሰተውም።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ቀላል ቢሆንም ያላሰብኩት ነበር። መኪናውን ራሱ ይዞ ፍሬን ብዙ በማይጠይቅ ሜዳ መንገድ ላይ ጥቂት ነድቶ ተመለሰ። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው መንገድ ለእኛ ቅርብ ቢሆንም ሆን ብሎ ትቶታል፤ ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ ፍሬን ስለሚያዝ ሁለቱም ጎማዎች ይግሉና ልዩነቱ ይጠፋል። እንደቆመ የእጁን ጀርባ ሳያስነካ ወደ ግራው ቸርኬ አስጠጋ፣ ቀጥሎም ወደ ቀኙ። ሐጂንም እንዲሁ እንዲያደርጉ ጋበዛቸው። የግራው ለብ ያለ ነበር፤ ከቀኙ ግን ሙቀቱ እጅ ከመድረሱ በፊት ይሰማ ነበር። ማንም ፍሬን ሳይዝ አንድ ጎማ የሚግለው ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ሲቀር ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማዎቹ በእጅ ሲዞሩ የግራው በነፃነት ሲሽከረከር፣ የቀኙ ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞላ እየፋቀ ቆመ።

ጎማው ሲፈታ ነገሩ ግልጽ ሆነ። በዚያ መኪና ላይ ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘው ክፍል፣ ካሊፐሩ፣ የሚገፋ ፒስተን ያለው በውስጠኛው በኩል ብቻ ነው፤ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ሲገፋ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጭውን ሸራ ወደ ዲስኩ ይስበዋል፣ ፔዳሉ ሲለቀቅም ሁለቱም ይላቀቃሉ። ከሁለቱ ፒኖች የአንደኛው መከላከያ ጎሚኒ ተቀድዶ ነበር። በቀዳዳው ውኃና የአጋሮ መንገድ ቀይ ጭቃ ገብቶ ፒኑን አዝጎት ኖሮ፣ ጋሼ በፒንሳ ይዞ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ በብዙ ትግል ሲያወጣው ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ወጣ። ልጁ መብራት ይዞለት ነበርና ሁለቱን ሸራዎች በመዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየን፤ የውጭው ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሲቀረው የውስጡ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ወደ 3 ሲጠጋ መቀየር አለበት። ከውጭ ሆኖ በቸርኬው ክንፎች መካከል አጎንብሶ የሚያይ ሰው የሚታየው ያ ወፍራሙ የውጭ ሸራ ብቻ ስለሆነ፣ «ገና ብዙ ይቀረዋል» ብሎ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ሐጂ ሸራዎቹን እያዩ ዝም ብለው ቆዩና፣ «መሪው ወደ ቀኝ ሲስበኝ እኮ መንገዱን ነበር የምረግመው» አሉ። ቀጥለውም ልጁን ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ አውፍ በለኝ» አሉት። ጋሼ ፒኖቹን አጽድቶ ጎሚኒዎቹን ቀየረ፤ ለፒኖቹም ለጎማ መገጣጠሚያ የምንቀባውን ተራ ግራሶ ሳይሆን ሙቀት የሚችለውንና ለፍሬን የተሠራውን ሲሊኮን ግራሶ ተጠቀመ፤ ተራው ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠውና ተመልሶ ያንኑ ችግር ይፈጥራል። ሸራዎቹንም በሁለቱም ወገን ቀየራቸው። ሐጂ የግራው ገና ጤነኛ መሆኑን ጠቅሰው ቢከራከሩም፣ አንዱን አዲስ ሌላውን አሮጌ አድርጎ መኪና ወደ ጊቤ ቁልቁለት እንደማይሰድ ነግሯቸው በአቋሙ ጸና።

የቀረው ቸርኬውን ማጽዳት ነበር፤ በእኔ ግምት በየላቫጆው በብዛት የሚበላሸው ይህ ክፍል ነው። የሐጂ ቸርኬ ላይ ከብናኙ ሥር ነጫጭ ነጠብጣቦችና ልባሱ የተላጠባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ ቀደም ሲል በሌላ ቦታ በውኃ የተበረዘ የባትሪ አሲድ ተቀብቶ እንደነበር ከራሳቸው ሰማን። አሲድ ዝገትን በእርግጥ ይፈታል፤ ለዚያም ነው ለጊዜው ተአምር የሚመስለው። ነገር ግን የቸርኬውን የላይኛውን መከላከያ ልባስ ይበላል፣ ልባሱ በተነሣበት ቦታ አልሙኒየሙን ራሱን ያጠቃል፣ የሠራተኛውን እጅና ዓይን አደጋ ላይ የሚጥል መሆኑ ደግሞ ሳይረሳ። በሽቦ መፈግፈግም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ የተጫረ ቸርኬ ቀጣዩን ብናኝ በጭረቶቹ ውስጥ ስለሚይዝ በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ያስቸግራል።

ልጁ ያጠበው እንዲህ ነው። ጎማው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፤ በጋለ ቸርኬ ላይ የፈሰሰ ሳሙና ከመሥራቱ በፊት ደርቆ ምልክት ይተዋል፣ የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መልቀቅም ዲስኩን ሊያጣምመው ይችላል። ከዚያ ጭቃውን ያለምንም ቡሩሽ በብዙ ውኃ አወረደ፤ ጭቃ ሳይወርድ የሚጀመር እሽታ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ቀጥሎ ለጎማ ብቻ በተለየ ባልዲና ለስላሳ ቡሩሽ በሳሙና አሸው። ለቦዲ በምንጠቀምበት ስፖንጅ ጎማ ማሸት በግቢያችን ክልክል ነው፤ ስፖንጁ ውስጥ የቀረው የብረት ብናኝ ወደ በሩና ወደ ኮፈኑ ሄዶ ቀለሙን ይጭራል። በሳሙና ላልለቀቀው ደግሞ አንድ ደንበኛችን ከአዲስ አበባ ያመጣልንን፣ አሲድ ያልሆነውን የብረት ብናኝ ማስለቀቂያ ረጨበት። ይህ ፈሳሽ ቲዮግላይኮሌት የሚባል ውሕድ ያለበት ሲሆን፣ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ወደ ሐምራዊ ቀለም እየተለወጠ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሽታው ግን የተበላሸ እንቁላል ስለሆነ ከነፋሱ ጀርባ ቆሞ መርጨት ይመረጣል። ሳይደርቅ በውኃ አጠበው። ጥቁሩ ሄደ፤ በአሲድ የተላጠው ግን በማጠብ የሚመለስ ስላልሆነ ቸርኬው ቀለም እንደሚያስፈልገው ለሐጂ ነገርናቸው።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ሌላ ነገርም ከለከለ፤ ይህኛው ጥቂት ቅሬታ አስነሥቷል። ብዙ ሾፌሮች፣ በተለይ የሚኒባስ ሾፌሮች፣ ጎማ ተፈትቶ ሳለ ፍሬኑ በኮምፕሬሰር አየር እንዲነፋላቸው ይፈልጋሉ። የኋላ ፍሬናቸው በዲስክ ፋንታ ታምቡሮ፣ ማለትም ሸራው በውስጡ የሚፋተግበት ዝግ ከበሮ፣ የሆነ መኪናዎች ከውጭ ሲታዩ ንጹሕ ናቸው፤ ብናኙ ግን አልጠፋም፣ ታምቡሮው ውስጥ ተከማችቶ ተቀምጧል። ታምቡሮው ተከፍቶ አየር ሲለቀቅበት ያ ሁሉ ተነሥቶ የሚገባው በአካባቢው በቆመ ሰው ሳንባ ውስጥ ነው። ቀድሞ በፍሬን ሸራ ውስጥ ካንሰር አምጪ የሆነው አስቤስቶስ ይጨመር ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ቢያግደውም፣ በአንድ አሮጌ መኪና ታምቡሮ ውስጥ ያለው ብናኝ ከምን እንደተሠራ ዓይቶ የሚለይ መካኒክ የለም። አስቤስቶስ የሌለበትም ብናኝ ቢሆን ለሳንባ የሚበጅ አይደለም፤ ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው ዩሮ 7 ደንብ ላይ ከጭስ ማውጫ ባሻገር ከፍሬን ለሚወጣው ብናኝም ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያ አበጅቶለታል። ስለዚህ በእኛ ጋራዥ ታምቡሮ የሚጸዳው ውኃና ሳሙና በዝግታ ፈስሶበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ቸኩለው ሌላ ጋራዥ የሄዱ ሾፌሮችም አሉ።

ከሐጂ ጉዳይ በኋላ መኪና ስረከብ ውኃ ሳይነካው አራቱን ጎማዎች ዞሬ እያየሁ፣ ግራና ቀኙ ከተለያየ በደረሰኙ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። መጀመሪያ የምጽፈው የጠቆረውን ብቻ ነበር። ከዚያ ግን አንድ የጭነት ፒካፕ መጣ፤ የፊት ቀኙ እንደ ወትሮው ጠቁሮ፣ የግራው ግን ያለ አጠባ እንደተወለወለ ነበር። ሾፌሩ በግራው ጎማ ንጽሕና ደስ ብሎት፣ ቀኙን ብቻ በደንብ እንድናሽለት ጠየቀኝ። ጋሼን ጠርቼ ባሳየው፣ የታመመው ንጹሑ ጎማ እንደሆነ ነገረን፤ ሲከፈትም የግራው ፒስተን በዝገት ተይዞ ሸራውን ጨርሶ አይገፋም ነበር። ያ መኪና ለካስ የፊት ፍሬን የሚይዘው በአንድ ጎማ ብቻ ነበር። ሾፌሩ በማግሥቱ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሊነሣ ተዋውሎ ስለነበር በነገሩ በጣም ተበሳጨ፤ ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና ተዛወረና ፒካፑ የካሊፐሩ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪላክ ድረስ ግቢያችን ውስጥ ቆመ።