«ቀስቅሽኝ» በእንግሊዝኛ፦ ለኮሪያውያን ተማሪዎቼ

ኮሪያውያንን እንግሊዝኛ ሳስተምር የጠዋት ወሬ በጣም እወዳለሁ። ስንት ሰዓት ነቃሽ? ወዲያው ተነሳሽ? ማን ቀሰቀሰሽ? እኛ ሦስት ግስ አለን። ኮሪያኛ ተናጋሪዎች ግን በዕለት ንግግራቸው «ኢሮናዳ» በሚለው አንድ ግስ መንቃትንም መነሳትንም ይሸፍናሉ። (እኛ «ጦርነት ተነሳ» እንደምንለው፣ እነሱም ለጦርነት ይህንኑ ግስ ይጠቀማሉ። ሁሌም ይገርመኛል።) እንቅልፍ መልቀቁን ብቻ ለመናገር «ኬዳ» አላቸው። ልዩነቱ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ልማድ ነው የሚጎትታቸው።

የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ተማሪ አለችኝ። ቀን ተኝታ ሳለ በጎረቤት ጫጫታ «ጌት አፕ» እንዳደረገች ነገረችኝ። ተነስተሽ ምን አደረግሽ አልኳት። ምንም፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ተኛሁ አለች። እንግዲያው «ዌክ አፕ» ነው። ዐይን ሲገለጥ ዌክ አፕ፣ እግር ወለል ሲነካ ጌት አፕ። አሁን ሁሉንም በዐይንና በእግር ነው የማስተምራቸው።

የ«ዌክ» ያለፈ ጊዜ «ዎክ» ነው። እሱ ጋ ችግሩ አነባበቡ ብቻ ነው፤ ከመራመድና ከመሥራት የእንግሊዝኛ ቃላት ጋር ይምታታባቸዋል። በጆሮ ደጋግሞ መስማት ይፈታዋል።

ትልቁ ጉዳይ ሰው መቀስቀስ ነው። ኮሪያኛ «ኬዉዳ» የሚል ግስ አለው፤ ማን እንደሚቀሰቀስ ከታወቀ ደግሞ «እኔን» ማለት አያስፈልግም። ይህን ልማድ ይዘው ለክፍል ጓደኛቸው «በስድስት ሰዓት ፕሊዝ ዌክ አፕ» ብለው ይጽፋሉ። ጓደኛቸው የምታነበው «እባክሽ አንቺ ንቂ» የሚል ነው! አንዲት «ሚ» ቀርታ ትእዛዙ ተገለበጠ። ስለዚህ «ሚ»ን እንዳትዘሏት እላለሁ፤ ቦታዋም መሃል ነው፣ «ዌክ ሚ አፕ»። «ዌክ አፕ ሚ» አይባልም። ስም ከሆነ ግን ሁለቱም ይሄዳል፦ «ዌክ ዘ ቤቢ አፕ»፣ «ዌክ አፕ ዘ ቤቢ»። ይህችን ክፍል ሳናጣድፍ፣ ጮክ ብለን፣ «ሂም» እና «ሀር» እየቀያየርን እንላታለን። አፍ ካልለመዳት በወረቀት ላይ ማወቋ ብቻ አይጠቅምም።

ሆቴል ስትገቡስ? እንግዳን የሚቀሰቅሰው የስልክ ጥሪ ኮሪያ ውስጥ «ሞኒንግ ኮል» ይባላል፤ ከእንግሊዝኛ የተሠራ ስለሆነ ሌላ አገርም ያው የሚባል ይመስላቸዋል። እንግሊዝኛው የሚለው «ዌክ አፕ ኮል» ነው። ለነርሷ ተማሪዬ የሚመቻትም እሱ ነው፤ ከሰዓት በኋላም ቢሆን ደውሉልኝ ለማለት ይሆናታል።