የመጀመሪያ ዘፈኔን ያበላሸችብኝ ቃል

ዘፈን መፃፍ ከጀመርኩ ሶስት አመት አለፈኝ፣ ሰባት የጨረስኳቸው አሉ። ይሄን የምፅፈው ግን ስለ መጀመሪያው ነው፣ ያኔ ዜማ የቃልን ትርጉም ሊቀይር እንደሚችል አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ የእህቴ ሠርግ ላይ እንደዛ አንገቴን አልደፋም ነበር።

ሙዚቃ አልተማርኩም፣ የነበረኝ አሮጌ ኪቦርድና ስልክ ነው። በትዝታ ሜጀር ቅኝት ጀመርኩ፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ አምስቷን ብቻ ይዞ እጅ እስኪለምድ መመላለስ ነው፣ ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይደርሳሉ። ዩቲዩብ ላይ የውጭ አስተማሪዎች መጀመሪያ አራት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ደርድሩ ይላሉ፣ እኔ በፍፁም አልስማማም። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ፋ የለም፣ ከስር የፋን ኮርድ ስታስገቡ ግን ጆሯችሁ ወደዛ ይሳብና ዜማው ሳታውቁት ከቅኝቱ ይወጣል። ኮርዱ ይቆይ። ግጥሙን ወል ቤት በሚባለው የግጥም ምት ፃፍኩት፣ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል)፣ ሰምና ወርቅ ልሞክር ብዬ ተውኩት (ለጀማሪ ይቅርባችሁ)። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ጉዱ። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

ገና ነው ፍቅራችን ገና ነው ቀናችን

ለሙሽሮቹ ማለት የፈለኩት መንገዳችሁ ገና መጀመሩ ነው፣ ብዙ ቀን ከፊታችሁ አለ ነው። ወረቀት ላይ ሳነበው ሆዴ ይባባ ነበር። ከዛ ችክችካ ምት ላይ አስቀመጥኩት፣ ምቱ «ገ» ላይ ረገጥ አርጎ ይወድቃል፣ ድምፄ እዛ ቆየት ይልና ወደ «ና» ሲሻገር ሳላውቀው ያጠብቀዋል። ሲጠብቅ ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ የታህሳስ 29ኙ ገና ይሆናል። ፍቅራችን ገና ነው፣ ቀናችን ገና ነው፣ ሠርጉ ደግሞ ሚያዝያ ላይ! መቶ ጊዜ ዘፍኜው አንድም ቀን አልሰማሁትም፣ ያሰብኩትን ስለማውቅ ጆሮዬም ያሰብኩትን ነበር የሚሰማው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ስቱዲዮ የሆነው ነው። ክፍያው በሰዓት ነው፣ ከደሞዜ ስንት ወር ያጠራቀምኩትን ይዤ ሄድኩ፣ የምትዘፍነው ልጅ ሁለተኛው ዙር ላይ ቆም አለችና «ይሄ ቃል አፌ ላይ አልተመቸኝም» አለች። ልጅቷ ሰምታዋለች! አቀናባሪው ግን ቀና እንኳን ሳይል «ዘፈን ነው እኮ፣ ሰው ይረዳዋል፣ እንቀጥል» አለ። ስንት አመት የሰራ ሰው ነው፣ አንድ ደቂቃ ሰጥቶ መልሶ ቢያሰማን ምን ነበረበት? እኔም ሰዓቱ እየቆጠረ ስለሆነ ዝም አልኩ። ያችን ዝምታ እስካሁን ለራሴ ይቅር አላልኳትም።

ሙሽሮቹ ሲገቡ ተከፈተ። ሰው አጨበጨበ፣ እህቴ አለቀሰች፣ እኔም ደረቴ ሞልቶ ቆሜያለሁ። ትንሽ ቆይቶ አክስቴ ጠጋ አለችኝና በፍቅር «የኔ ልጅ፣ ለገና ያወጣኸው ነው እንዴ? ታምራለች» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዛ በኋላ በተከፈተ ቁጥር ገና ገና ገና ብቻ ነው የምሰማው፣ ሠርጉን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም።

ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም፣ አለ እና አለ፣ ይበላል እና ይበላል ወረቀት ላይ አንድ ናቸው፣ ሰፊ ልብ ብላችሁ የፃፋችሁት በዜማው ልብስ ሰፊ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስታወሩ አፋችሁ ራሱ ያስተካክለዋል፣ ስትዘፍኑ ግን ዜማው ነው የሚወስነው። ስለዚህ ግጥም ይቅደም የሚለውን ምክር ትቼዋለሁ። አሁን መጀመሪያ ዜማውን በላላላ እዘፍንና ስልኬ ላይ እቀዳለሁ፣ የት ጋ እንደሚረግጥ፣ የት ጋ እንደሚሳብ በእጄ እያጨበጨብኩ ለይቼ ነው ቃል የምፈልግለት። ያንን አዝማች በኋላ እንዲህ ቀየርኩት፦

አልመሸም ፍቅራችን አልመሸም ቀናችን

ቀለሙ እኩል ነው፣ «አል» ራሱ የሚረገጥ ስለሆነ ምቱ ሲወድቅበት ትርጉሙን አይነካውም። ለማግኘት ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሌላው ቶሎ የሚነገር ነው። ሰው ሁሉ ዘፈንህን መጀመሪያ ሄደህ አስመዝግብ ይላል፣ እኔ መጀመሪያ ቅዳው እላለሁ። በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ወጥ (የራሳችሁ ፈጠራ) ከሆነና ከተቀረፀ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው፣ ምዝገባው ማስረጃ እንዲሆናችሁ በኋላ ይደረሳል። ከአቀናባሪ ጋር ግን ዜማው የማን፣ ግጥሙ የማን እንደሆነ ሳትፈራረሙ ፋይል እንዳትልኩ፣ ጓደኛ ቢሆንም።

እና ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ግጥሙን አይቶ ለማያውቅ ሰው አሰሙትና የሰማውን ይንገራችሁ፣ ሙዚቀኛ ባይሆን ይመረጣል። እኔ ለአክስቴ ነው የማሰማው፣ በስልክ እዘፍንላታለሁ፣ እሷ የሰማችውን ቃል በቃል ትመልስልኛለች። ባለፈው እሁድ አንዱን መስመር ሁለቴ አስደግማኛለች፣ ዛሬ ማታ እሱን ልቀይር ነው የምቀመጠው።