የደብራችንን ደን በካብ ስናጥር

ደቡብ ጎንደርን ከሰማይ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ክብ ክብ የሆኑ አረንጓዴ ነጥቦችን ነው። የተቀረው እርሻና ግጦሽ ነው። ነጥቦቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። በዞኑ ከ1,000 በላይ አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። አንዱ የእኛ ደብር ነው። የድንበር ነገር ስላለበት ስሙን አልጠራም። በካብ፣ ማለትም ያለ ሲሚንቶ በተደረደረ ድንጋይ፣ እንዴት እንዳጠርነው ግን የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ልጻፈው ብዬ ነው።

ደን ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው መጥረቢያን ነው። በእኛ አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ጽድ ወይም ወይራ ደፍሮ የሚቆርጥ አታገኝም፤ ውግዘቱ ይፈራል። ደኑን የሚበላው ትልም ነው። ዳር ላይ የሚያርሰው ገበሬ በየክረምቱ አንድ ትልም ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ትልም ምን አላት? ማንም አይጣላባትም። ዘመን ሲቆጠር ግን ዳር የነበረው ቁጥቋጦ ያልቅና ፀሐይና ነፋስ ከጥላ ወጥተው ወደማያውቁ ዛፎች ይደርሳሉ። አፈሩ ይደርቃል። ቀትር ላይ ደግሞ ከብት ለጥላ ይገባና ቡቃያውን ይግጣል፣ መሬቱን ይጠቀጥቃል። ውስጥ ስትገባ ሽማግሌ ዛፎች ቆመዋል፤ ልጅ ግን የላቸውም።

ገበሬውን ወንጀለኛ ማድረግ ቀላል ነው፤ ግን ስህተት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን የነበራት ሰፊ መሬት ለአራሹ ተደለደለ። ያ መሬት ለልጅ፣ ከዚያም ለልጅ ልጅ ተሸነሸነ። እሩብ ሄክታር ይዞ አምስት ነፍስ የሚያበላ ሰው አንድ ትልም ቢመኝ አይፈረድበትም። በነገራችን ላይ፣ «ድሮ የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለው ቁጥር ስብሰባ ላይ ሲጠቀስ ዝም እላለሁ። ታሪክ አጥኚው ጄምስ ማካን ቁጥሩን በደንብ ሞግተውታል። ለእኛ ሥራ ደግሞ አያስፈልገንም ነበር። የሚያስፈልገን የራሳችን ደን ትናንት የት ድረስ እንደነበር ማወቅ ነው።

ለዚህ ጉግል ኧርዝ የሚባለው የሳተላይት ምስል ማሳያ በቂ ነው። የቆዩ ምስሎችን ወደኋላ እየመለስክ ታያለህ። አሳተምኳቸውና ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ዘረጋኋቸው። ንግግር አላስፈለገም። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በጣታቸው እያሳዩ «እዚህ ጋ አጋም ነበር፣ እዚያ ጋ ዶቅማ» መባባል ጀመሩ።

የካቡ ሐሳብ የእኔ አይደለም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ሜግ ሎውማን በዚሁ በደቡብ ጎንደር ከደብሮች ጋር ሆነው የሠሩት ነው። ብልሃቱ ድንጋዩ ላይ ነው። የአካባቢው ማሳ ድንጋያም ነው። ገበሬው ድንጋዩን ለቅሞ ሲያመጣ ማሳው ይጠራለታል፣ ቤተ ክርስቲያኗ አጥር ታገኛለች። አሸዋ የለ፣ ሲሚንቶ የለ።

የከበደው ሥራ ካቡ የሚያርፍበትን መስመር መስማማት ነበር። ከመጨረሻው ዛፍ ትንሽ ወጣ ብሎ ካልተካበ ደኑ መስፋፊያ አያገኝም፤ ወጣ ካለ ደግሞ የሰው ማሳ ይነካል። የቀበሌው የመሬት ባለሙያ፣ ካህናቱና ባለማሳዎቹ የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው ዙሪያውን በእግር ሄድን። አንድ አዛውንት ቆም አሉና «አንተ ልጅ፣ ካቡ ዛሬ እዚህ ይቁም፤ ነገ ወደኔ ላለመግፋቱ ማን ነው ዋሱ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለካ እኛ የሳቸውን ትልም ስንፈራ እሳቸው የኛን ካብ ይፈራሉ! መሪጌታ ነገሩን ፈቱት፦ «አያ፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ እርስዎም ይፈርሙ፣ እኛም እንፈርም፣ አንዱ ቅጂ እርስዎ ቤት ይቀመጥ።» እዚያው ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ብዙ ድንጋይ ካመጡት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው።

ሥራው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። እርሻ የማይታረስባቸው በዓላት ብዙ ናቸው፤ ካህናቱ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ድንጋይ በትንንሾቹ በዓላት ቢመላለስ ይፈቀዳል ስላሉ ጉልበት አላጣንም። ስለ ካቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከወገብ ካነሰ ፍየል ይዘለዋል፤ ደረት ድረስ ይሁን። ተዳፋት ባለበት በኩል ደግሞ ከሥሩ የጎርፍ መውጫ ካልተተወለት ሐምሌ ላይ ይናዳል። በሩም የራሱ ጣጣ አለው። ከብት እንዳይገባ ጠባብ እንዲሆን ፈልገን ነበር፤ ሬሳ የሚሸከሙ ሰዎች ግን እንዴት ይለፉ? ስለዚህ አንዱ በር ሰፊ ሆኖ መዝጊያ ተበጀለት። ለንግሥ የሚመጣ ሰው በቅሎውን የሚያስርበት ቦታ ከካቡ ውጭ ተለየ፤ እስከዚያ የሚታሰረው ዛፍ ሥር ነበር።

ያላሰብነው ፈተና የመጣው በመጀመሪያው ክረምት ነው። ከብት የማይገባበት መሬት አረም በአረም ሆነ። ይህ የሚጠበቅ ነው። በአካባቢው የቤተ ክርስቲያን ደኖች በተደረገ ጥናት አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየው ዘር በብዛት የአረምና የሣር ነው፤ ለአብዛኞቹ የደን ዛፎች ግን አዲስ ዘር በየጊዜው ከእናት ዛፍ መውረድ አለበት። ሕዝቡ ግን «ካቡ ያበቀለልን አረም ነው» አለ። ወጣቶቹ ግቢው ይጽዳ ብለው ማጭድ ይዘው መጡ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከትልሙ ቀጥሎ ደንን የሚጎዳው ይህ የጽዳት ፍቅር ነው። ከማጨዳቸው በፊት ተንበርክከን አረሙን በእጃችን ገለጥን። ከሥሩ የወይራ ቡቃያ ነበር። ቅጠሉ ከጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ቡናማ። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ፣ ከዚያ ብሳና። አንዱ ልጅ «ኧረ ይሄ ሁሉ ሊታጨድ ነበር?» አለ። ማጭዱ ወደ መንገዱ ዳር ብቻ ዞረ።

ችግኝ ገዝተን አልተከልንም። አጥሮ መተው ይበቃል፤ ገንዘብ ያለው ሰው ግን ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ፎቶ የሚነሳበት ነገር የለማ! ለብቻው የረዳነው ጥቁር እንጨት የሚባለውን አገር በቀል ዛፍ ነው። የሱ ዘር ከደረቀ አይበቅልም፣ ተቀምጦም አይቆይም። ፍሬው እንደበሰለ ለቅመን፣ ሥጋውን አጥበን ወዲያው ዘራነው።

ያልተፈታው የባሕር ዛፉ ጉዳይ ነው። በምዕራብ በኩል ከደኑ ጋር ተያይዞ የተተከለ አለ፤ ከጥላው ሥር አገር በቀል ዛፍ እንደልብ አይበቅልም፣ ለሰበካ ጉባኤው ግን ገንዘብ ነው። የካህናት ደመወዝ፣ ጧፍና ዕጣን ከሱ ነው የሚወጣው። ይነቀል ስል «ምን ይተካው?» ይሉኛል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለጊዜው የተስማማነው በሚቀጥለው ቆረጣ ለደኑ የቀረበው ረድፍ ጉቶው ጭምር እንዲነቀል ነው፤ የቀረው እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለ ቀፎ የተነሳ ሐሳብም አለ፤ ማሩ የባሕር ዛፉን ያህል ገንዘብ ያስገባ እንደሆነ ገና እያሰላን ነው።