ከወልዲያ እስከ ኮምቦልቻ፣ በአንዲት ልጅ ስም

ከወልዲያ ስንነሣ ገና አልነጋም ነበር። የጥቅምት ብርድ ጣትን ከመሪው ጋር ያጣብቃል። የእህቴ ባል ከሁላችን ቀድሞ ብስክሌቱን ከሆቴሉ ግቢ አውጥቶ ጎማውን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ይጠብቀን ነበር። በሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ የሴት ልጁ የመርፌ ካርድ አለ። ልጅቱ ያረፈችው በ13 ዓመቷ፣ ከጉሮሮ ሕመም በሚነሣ የልብ በሽታ (ሩማቲክ የልብ ሕመም) ነው። እኔ አጎቷ ነኝ።

ከወልዲያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደሴ እርሷ እስካደገችበት ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዘመዱም የሥራ ባልደረባውም ነጋዴውም «ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብር እሰጣለሁ» ብሎ ቃል ገብቶልናል። ገንዘቡ ልባቸውን ለታመሙ የገጠር ልጆች የመርፌና የመኪና ወጪ የሚውል ነው።

እስከ መርሳ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው። ሲሪንቃን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ ፍሬ ስለያዘ በየማሳው መካከል ከእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ። ሲያዩን ይጮሃሉ፣ አንዳንዶቹም ወርደው ከብስክሌቱ ጎን ይሮጣሉ። የእህቴ ባል እነርሱን ባየ ቁጥር ፍሬን ይይዛል። «ጉሮሮህን አሞህ ያውቃል? ጉልበትህ አብጦ ያውቃል?» ይላል። በሽታው በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው፤ ማማ ላይ የሚወጡትም በዚያው ዕድሜ ያሉ ናቸው። አብረውን ከሚነዱት መካከል በዚህ አካሄድ ማደሪያችን ሐይቅ ከተማ ሳንደርስ ይመሽብናል ብለው የሰጉ ነበሩ። እኔ ግን ከጉዞው ሁሉ የሚበልጠው ሥራ ያ መቆም ነበር እላለሁ።

መርሳ ስንገባ የአንዱ ጓደኛችን የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው የውስጡን ጎማ አውጥቶ፣ ሣፋ ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ ሰው ተሰበሰበ። ልብሳችን ላይ የታተመውን ፎቶ አይቶ አንድ ሽማግሌ «ልጅቱ የማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። የእህቴ ባል ካርዱን አወጣ።

«የእኔ ናት፣ አባባ። ጉሮሮዋን አመማት፣ ትኩሳት ያዛት። ጎረቤት ‘እንጥሏ ወርዶ ነው’ አለ፤ ተቆረጠላት። ሻረች ብለን አመሰገንን። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ እርሱ ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ ክርኗ። ምች ነው ተባለ። እብጠቱ ሄደ፤ ልቧ ግን ያን ጊዜ ተነክቶ ነበር።»

ልብ ውስጥ በሮች እንዳሉ፣ ደም ሲያልፍ እንደሚከፈቱ፣ ካለፈ በኋላ እንደሚዘጉ ነገራቸው። የእርሷ ማጠፊያው እንደተጣመመ በር ሆኖ ደሙ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር።

ልጅ ያዘለች ሴት ከኋላ «ታዲያ እንጥሉ ካልተቆረጠ በምን ይድናል?» አለች። ጥያቄው የሁሉም ነበር፤ ዝም ብለው ጠበቁ።

«ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ እህቴ። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ልብ አይደርስም፤ ብዙው ጉንፋን ነው። ትኩሳት ካለው፣ ለመዋጥ ካስቸገረው ግን ይታይ። በባክቴሪያ የመጣ ከሆነ፣ ከጀመረው በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠው ልቡ ይተርፋል። መቁረጡ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ቁስል ብቻ ይጨምራል።»

ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በየአራት ሳምንቱ አንድ መርፌ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ቀንና ፊርማ። ልቡ አንድ ጊዜ የተነካ ልጅ በሽታው ተመልሶ በሮቹን ጨርሶ እንዳያበላሽ ይህን መርፌ ለዓመታት፣ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። የእርሷ ካርድ ላይ የቀለሙ ዓይነት የሚለያይበት ቦታ አለ፤ መድኃኒቱ ጠፍቶ ሌላ ከተማ ድረስ ሄዳ የተወጋችባቸው ወራት ናቸው። ከታች ያሉት መስመሮች ባዶ ናቸው። ሴትዮዋ ማንበብ ባትችልም ባዶዎቹን በጣቷ ነካቻቸው፤ ከዚያም ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ብር ሰጠችን።

ሽማግሌው «አብሽር ልጄ፣ አላህ በጀነት ያገናኛችሁ» ብሎ መዳፉን ዘረጋ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ አሚን አለ። ጎሚስታው ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ ለሰደቃው ይሁን ብሎ።

ውጫሌን ያለፍነው ብዙ ሳንቆም ነው። የ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመበት ምድር መሆኑን ወጣቶቹ እያነሡ ፎቶ ተነሡ። እኔ የአምባሰልን ገደል እያየሁ ውሃ ጠጣሁ።

ሐይቅ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። እህቴ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ መጥታ፣ ዳቦ ደፍታ፣ ቡና አፍልታ ጠበቀችን። እርሷ ክርስቲያን፣ ባሏ ሙስሊም ነው፤ ለወሎ ሰው ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። ዳቦውን እርሷ መታሰቢያ፣ እርሱ ሰደቃ ብለው ለሰፈሩ ልጆች ቆርሰው አደሉ። እህቴ ስለ ልጇ ብዙ አታወራም። የዚያን ዕለት ግን የመጀመሪያውን ስኒ ስትቀዳ፣ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ለታናሽ ወንድሟ አሸክማ፣ ሦስት ቦታ ተቀምጣ እያረፈች ትመጣ እንደነበር ነገረችን። ማታም ትራስ ደራርባ ካልሆነ ጋደም ብላ መተኛት አትችልም ነበር።

በማግስቱ ከሐይቅ ደሴ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ስንወጣ ያ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም። ዳገቱ ረጅም ነው፤ ትንሹን ማርሽ አስገብቼም ትንፋሼ ያጥረኛል፣ ደረቴ ይደልቃል። ያኔ እወርድና ብስክሌቱን እገፋለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ትንፋሼ ይመለሳል። የእርሷ ዕረፍት አድርጋም አይመለስም ነበር። ያንን ሳስብ ቦሩ ሜዳ እስክንደርስ አለቀስኩ፤ የእህቴ ባል ከጎኔ ቀስ ብሎ እየነዳ አንድም ቃል ሳይናገር አብሮኝ ወጣ።

ደሴ በጉም ተሸፍና ነው የተቀበለችን። ፒያሳ ላይ ቃል የገቡልን ነጋዴዎች ወጥተው ቆመው ነበር፤ ከተባለው ኪሎ ሜትር በላይ የጨመሩም አሉ። ከዚያ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፤ ያን ሁሉ በጥምዝምዝ መንገድ፣ ከተሳቢ መኪና ጋር እየተጋፉ መውረድ እጅ ያዝላል። በየመታጠፊያው ፍሬኑ እንዲቀዘቅዝ ቆምን።

ኮምቦልቻ ላይ የሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) ድንኳን ተክሎ ጠበቀን። የቅሬው ዳኛ ከማኅበሩ ገንዘብ ድርሻ ጨምሮ፣ በየወሩ መርፌ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ስም የሚይዝ መዝገብ እንዲከፈት አደረገ። ገንዘቡ ባንክ የሚገባው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። የአንድ ልጅ ስም የዚያኑ ዕለት ተጻፈ፤ የሐርቡ አካባቢ ልጅ ነው፣ አባቱ ስለ እኛ ሰምቶ ይዞት መጥቶ ነበር። የእህቴ ባል የልጁን አባት አስቀምጦ፣ መርፌው በምን ቀን እንደሚውል፣ መኪና ቢጠፋ ለማን እንደሚደውል አንድ በአንድ ነገረው።

ቀጣዩ ጉዞ ወደ ባቲ ነው፤ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል። በሰኞ ገበያ ቀን እንድንገባ ተስማምተናል፤ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኘው ያን ቀን ስለሆነ። በአፋርኛና በኦሮምኛ የሚናገሩልን ሰዎች እየፈለግን ነው፤ በተለይ ስለ እንጥል በራሷ ቋንቋ ለእናቶች የምትነግር ሴት ብናገኝ ደስ ይለናል። ብስክሌት መንዳት የግድ አይደለም፤ ሚኒባስ ከኋላችን ይኖራል።