«እናትህ ምን ብለው ነበር የሚጠሩህ?»

ነርስ ነኝ፤ የውስጥ ደዌ ክፍል ነው የምሠራው። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳለሁ ስኳርና ኩላሊት ያዳከማቸው እናት አረፉ። ወንድ ልጃቸው፣ ትዳር የያዘ ትልቅ ሰው፣ አንዲት እንባ ጠብ አላለችውም። እህቱ ኮሪደሩ ላይ ወድቃ ደረቷን ስትደቃ፣ «በቃ! በሽተኛ ተኝቷል» እያለ አፏን ሊይዝ ይታገላል። ጥበቃውም መጥቶ «ዝም በሉ እንጂ» አለ። ከዚያ ልጁ ይሯሯጥ ጀመር። ለእድሩ ዳኛ ደወለ፣ መኪና አፈላለገ፣ ሒሳብ ዘጋ። ያየው ሁሉ «ጎበዝ፣ ጠንካራ ነው» አለ።

ሊነጋጋ ሲል የእናቱን ዕቃ ሊሰበስብ ተመለሰ። ፔርሙዝ፣ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ጋቢ። ጋቢውን ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል፣ እንደገና ያጥፈዋል። ከንፈሩ ክው ብሎ ደርቋል። «ሲስተር፣ እዚህ ጋ አፈነኝ» ብሎ ደረቱን ያዘ። አስቀምጠን ግፊቱን ለካን፤ የልብ ምርመራም (ኢሲጂ) ተነሣ። ልቡ ደህና ነው።

ይኼኔ ከሁላችንም በፊት ሥራውን የጀመሩት ሲስተር በሩን ዘጉና አጠገቡ ተቀመጡ። አይዞህ አላሉትም።

«የኔ ልጅ፣ እናትህ ምን ብለው ነበር የሚጠሩህ?»

ትንሽ ቆየና «ማሙሽ» አለ።

ሌላ ቃል አልወጣውም። ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ «እማዬ! እማዬ!» እያለ ተንሰቀሰቀ። ሲስተር ጀርባውን ከመደገፍ በቀር ምንም አላደረጉም። እህቱ ድምፁን ሰምታ ገባችና ተቃቅፈው አለቀሱ። ሲወጣለት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ውኃ ጠየቀ። ደረቱን አንቆ የያዘውም ነገር ለቀቀው።

ተአምር አይደለም። ሰው ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ መጀመሪያ ልቡ ይፈጥናል። ቀስ በቀስ ግን ትንፋሹ ይረጋጋል፤ ሰውነትን የሚያረጋጋው የነርቭ ክፍል ሥራውን ይረከባል። ደግሞ ብቻውን ተደብቆ ካለቀሰው ይልቅ የሚያጽናና ሰው ያለው ይበልጥ ይቀለዋል። የኛ ሰው ይህን ድሮም ያውቅበታል። አስለቃሽ የሟችን ደግነትና ሙያ እየጠራች ሙሾ የምታወርደው የታፈነውን ለማስወጣት ነው። ሲስተርም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከተሜ ሆነናል ብለን፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እያልን ይህን መጣላችን እኔን በጣም ያሳዝነኛል።

እርግጥ እንባ የማይመጣለት ሰውም አለ። አልቅስ ብሎ ማስጨነቅ ነውር ነው፤ ሁሉም ሐዘኑን የሚወጣው በራሱ መንገድ ነው። ወራት አልፈውም እንቅልፍ፣ ምግብና ሥራ እንቢ ካለው ግን ሐኪም ይየው። የዓለም ጤና ድርጅት በአዲሱ የበሽታዎች መለያው፣ ከ6 ወር በላይ ጸንቶ ኑሮን የሚያናጋ ሐዘንን እንደ ሕመም መዝግቦታል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ አንሶላ የምናስቀምጥባትን ትንሽ ክፍል አጸዳናት። ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ጀሪካን ውኃ አስገባን። ጥበቃዎቹም «ዝም በሉ» ማለቱን ትተው «በዚህ ግቡ» ይላሉ። ሌሎቹም ክፍሎች እንዲህ ያለ ቦታ እንዲሰጣቸው ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጽፈናል።