ኮሎምቦ፣ እሁድ ማታ 2 ሰዓት

ኬብል የማቋረጥ ሐሳብ የመጣልኝ ሂሳቡን መስመር በመስመር ሳነብ ነው። ከታች፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ "የብሮድካስት ቲቪ ክፍያ" የሚል አለ። ደውዬ ስጠይቅ፣ አየር ላይ በነፃ የሚለቀቁትን የአካባቢ ጣቢያዎች በኬብል ስለምናመጣልህ የምትከፍለው ነው አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ነፃ የሆነውን ነገር በየወሩ እየገዛሁት ነው ማለት ነው።

ጉዳዩ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ከአባቴ ጋር። አባቴ የመጡት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ቀን እኔ ሥራ ነኝ፣ እሳቸው ቤት ናቸው። ዩቲዩብ ላይ የአገር ቤት ዜና ሲያዩ ይውላሉ፤ ዜናው ደግሞ ደም ግፊት ከመጨመር በቀር የሚረባቸው ነገር የለም። ማታ አብረን ስንቀመጥ ኔትፍሊክስ እከፍትና "ምን እንይ አባዬ?" እላለሁ። መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው። "ያለውን።" ችግሩ እዚያ ቤት ሁሉም ነገር አለ። ስመርጥ፣ ወደ ታች ሳወርድ፣ ቅንጫቢ ስከፍት ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ቀና ስል እሳቸውን ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

የፈለግኩት እንግዲህ "ያለውን" የሚያሳይ ቴሌቪዥን ነው። ያገኘሁት ደግሞ አንቴና ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ጣቢያዎች አናሎግ የሚባለውን የድሮ ስርጭት ያቆሙት ጁን 12 ቀን 2009 ነው። ለአንድ ጣቢያ የተሰጠው የአየር ቦታ 6 ሜጋኸርዝ ነው። በአናሎግ ጊዜ እዚያ ውስጥ የሚገባው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነበር። ዲጂታል ሲመጣ ምስሉ ስለሚጨመቅ እዚያው ቦታ ላይ አራት አምስት ይገባ ጀመር። ቁጥሮቹ ነጥብ ያላቸው ለዚህ ነው፤ 4.1፣ 4.2፣ 4.3 እያለ ይሄዳል። ነጥብ አንድ ላይ ዋናው ጣቢያ አለ፤ ዜናው፣ ኳሱ። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ቦታ ነው። ትርፍ ቦታውን በምን ይሙሉት? አዲስ ድራማ መሥራት ውድ ነው። መጋዘን የተቀመጠ የድሮ ድራማ ግን ብዙ አያስወጣም። የቺካጎው ዌይግል ብሮድካስቲንግ ሚቲቪ የሚባለውን የድሮ ድራማ ጣቢያ በ2010 መጨረሻ ለመላው አገሪቱ አቀረበው። ትንሽ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 2011፣ አንቴና ቲቪ የሚባለው መጣ። ስሙ በእውነት አንቴና ቲቪ ነው። ከዚያ ኮዚ፣ ከዚያ ካውቦይ የማይጠፋበት ግሪት። ይሄ ሁሉ በነፃ ጭንቅላታችን ላይ እየበረረ ነው፤ ብዙ ሐበሻ ወዳጆቼ ግን ስነግራቸው "ሂድ ወዲያ" ነው የሚሉኝ።

ወደ አንቴናው ልምጣ። ሱቅ ውስጥ ብዙ የሚሸጠው ወረቀት መሳዩ ጠፍጣፋ ነው። መስኮት ላይ ይለጠፋል፣ አያስጠላም። ሳሎናችን ውስጥ ቻናል 4ን እና 5ን ጥርት አድርጎ አመጣ። 7 እና 9 ግን የሉም። ምክንያቱን ሳጣራ፣ ከዲጂታል በኋላ አብዛኞቹ ጣቢያዎች ዩኤችኤፍ ወደሚባለው አጭር ሞገድ ሄደዋል፤ ዋሽንግተን ውስጥ ግን 7 እና 9 አሁንም የሚያሰራጩት በድሮው ቪኤችኤፍ ነው። የቪኤችኤፍ ሞገድ ረጅም ነው፤ ቻናል 7 ላይ ወደ 1 ሜትር ከ70 ይደርሳል። ጠፍጣፋዎቹ አንቴናዎች የሚመቻቸው አጭሩ ሞገድ ነው። መፍትሔው ሁለት የሚሳቡ ዘንጎች ያሉት፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚቀመጠው የድሮ ዓይነት ነው። ርካሹም እሱ ነው። ዘንጎቹን እያንዳንዳቸውን ወደ 40 ሳንቲሜትር ስቦ ወደ ጎን መዘርጋት ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ከተፍ ይላሉ።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። አንዱ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ አንቴና ያዞራል፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ ይጮሃል። "መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ! መልሰው!" የጩኸቱን ሥራ አባቴ ያለ ምንም ስልጠና ተረከቡት። ልዩነቱ አናሎግ ይታገስ ነበር፤ ምስሉ ቢንጫጫም ፊት ይታያል፣ ድምፅ ይሰማል። ዲጂታል ግማሽ የለውም። ወይ ጥርት ይላል፣ ወይ በአራት ማዕዘን ይቆራረጥና "ሲግናል የለም" ይላል። ደግሞም ትንሽ ይዘገያል። ዘንጉን ነካ አድርጎ እጅን ማንሳትና ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ነው። የሰው ገላ ራሱ ሲግናሉን ይቀይረዋልና አንቴናውን ይዘው ቆመው "አሁን ጥሩ ነው" ቢባል አይታመንም።

የጣቢያዎቹ ማማዎች ያሉት ሰሜን ምዕራብ ዋሽንግተን፣ ቴንሊታውን አካባቢ ነው። ከእኛ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ "80 ማይል ይስባል" የሚለው ካርቶን ላይ የተጻፈ ጉራ አያስፈልገንም። አምፕሊፋየር የሚባለውን የሲግናል ማጉያ ደግሞ ቅርብ ለሆነ ሰው አልመክርም፤ ጠንካራውን ሲግናል አብዝቶ ያበላሸዋል። የሚያስፈልገው መስኮት ነው። አፓርትመንት ያለ ሰው የኪራይ ቢሮው "አንቴና ክልክል ነው" ቢለው አይደንግጥ። ከ1996 ጀምሮ ያለ የኤፍሲሲ፣ የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ደንብ አለ፤ ለብቻው በሚጠቀምበት በረንዳ ላይ የቲቪ አንቴና ማቆም ተከራይም መብት አለው። የውጭ ግድግዳ መብሳት ግን አይፈቅድለትም። ከዚያ ውጪ አልፎ አልፎ ቻናሎቹን እንደገና ስካን ማድረግ ነው። እንደ ሰው ቤት ይቀያየራሉ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የድሮ ድራማ የተቀረጸው 4 ለ 3 በሆነ ስክሪን ነው። አዲሱ ቴሌቪዥን ሰፊ ነው። ብዙ ቤት ሄጄ የማየው ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ፣ ሰዉ ሁሉ ጉንጩ አብጦ፣ መኪናው እንደ ተጋደመ ቁም ሳጥን ረዝሞ ነው። ሪሞቱ ላይ የምስል መጠን የሚለውን 4 ለ 3 ማድረግ ነው። ግራና ቀኝ ጥቁር ይሆናል፤ ይሁን። የሰዉ ፊት ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከዚያ ደግሞ ከምስሉ ሥር የሚነበበውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማብራት ነው። አባቴ እንግሊዝኛ ያነባሉ፣ የተማሩትም በእሱ ነው፤ የአሜሪካኖቹ አነጋገር ነው የሚያመልጣቸው። ጽሑፉ ሲመጣ ዓለም ተቀየረ። ደግሞ የድሮዎቹ ተዋናዮች አይጣደፉም። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። የአሁን ፊልም ላይ ሦስት ሰው በጨለማ እያንሾካሾከ አንድ ላይ ያወራል፤ እኔ ራሴ አልሰማውም።

የቀረው ሰዓቱ ነበር። አባቴ ሰዓት የሚቆጥሩት አሁንም በሐበሻ ነው። የድራማዎቹን ሰዓት በአንድ ወረቀት ጻፍኩና ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። ማሽ፣ ማታ 1 ሰዓት። ጋንስሞክ፣ ቀን 7 ሰዓት። ፔሪ ሜሰን፣ ጠዋት 3 ሰዓት። ኮሎምቦ፣ እሁድ ማታ 2 ሰዓት። ጣቢያው ሲቀያይረው እኔም ወረቀቱን እቀይራለሁ። ከሁሉም በላይ የሠራው ይህ ወረቀት ነው። ማታ ማን ይምረጥ የሚል ጥያቄ የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ሻይ ይፈላል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ኢቲቪ ብቻ በነበረበት ዘመን ያደገ ሰው ይህን በደንብ ይረዳኛል። አባባ ተስፋዬን ማንም "ልምረጥህ" ብሎ አላያቸውም። ሰዓታቸው ሲደርስ የሰፈር ልጅ ሁሉ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ይሰበሰባል፤ አለቀ።

አባቴን የያዛቸው ኮሎምቦ ነው። ዋናው ተከታታይ ከ1971 እስከ 1978 የታየ ነው፣ በኋላም ከ1989 ጀምሮ ተመልሷል። ፒተር ፎክ የተጨማደደ ካፖርት ለብሶ የሚዞር መርማሪ ሆኖ ይሠራል። ገዳዩ ማን እንደሆነ መጀመሪያ ላይ እናያለን። ጥያቄው "ማን ገደለ" ሳይሆን "እንዴት ይያዛል" ነው። ለአባቴ ይህ ተመቸ። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያመልጣቸው ታሪኩ አይጠፋባቸውም። ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ሀብታም ነው፣ ትልቅ ቪላ አለው፣ ይህን የተቦጫጨቀ ሰውዬ ይንቀዋል። ኮሎምቦ ጠይቆ፣ አመስግኖ፣ በሩ ጋ ይደርስና ዘወር ይላል። "አንድ ነገር ብቻ..." ይህኔ አባቴ ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ። "አለቀለት! አየህ፣ ሞኝ መስሎ ነው የሚያርደው።"

የመጀመሪያው ቀን ግን ከመርማሪው ይልቅ መኪናው ነበር ያስደሰታቸው። ኮሎምቦ የሚነዳው አሮጌ ክፍት ፔጆ 403 ነው። "ይቺ ፔጆ አይደለችም እንዴ!" ብለው ተነሡ። ከዚያ ወጣት ሳሉ የጓደኛቸውን 404 ይዘው ወደ ሶደሬ የሄዱበትን ጉዞ ሰማሁ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም።

ማሽ ደግሞ ሌላ ነው። ኮሪያ ጦርነት ላይ ያለ የአሜሪካ የጦር ሆስፒታል ታሪክ ነው። ጦርነቱ ሦስት ዓመት ነው የፈጀው፤ ድራማው ከ1972 እስከ 1983 አሥራ አንድ ዓመት ሄደ። ቀልድ ነው፣ ግን ደም አለበት። አባቴ መጀመሪያ ከበስተጀርባ የሚሰማው ሳቅ አናደዳቸው። "ማነው የሚስቀው? ሰው እየሞተ?" አሉ። ልብ ብሎ ለተመለከተ ግን ሠሪዎቹም ያሰቡበት ነገር ነው፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያሉት ትዕይንቶች ላይ ሳቁ የለም። ይህን ካሳየኋቸው በኋላ ታረቁት።

ቀጥሎ ለጠየቁት ግን መልስ የለኝም። "የእኛዎቹስ?" ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በ1951 ነው። ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር የተዋጋው። ተራ በተራ የሄዱት ኢትዮጵያውያን ከ6,000 በላይ ናቸው፤ ከ120 በላይ እዚያው ቀርተዋል፤ የተማረከ ግን የለም። አባቴ ልጅ እያሉ ሰፈራቸው አንድ የቃኘው ዘማች ነበሩ። በበዓል ቀን ኒሻናቸውን ደርድረው ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። ስለ ብርዱ እንጂ ስለ ውጊያው አያወሩም ነበር ይላሉ አባቴ። አሁን ድራማው ላይ ወታደሮቹ ድንኳን ውስጥ ተጠቅልለው ሲንቀጠቀጡ ባዩ ቁጥር ሰውዬውን በስም ያነሣሉ።

እንግዲህ ነፃ ነው ስል ሁሉም ማር ነው ማለቴ አይደለም። የሚከፈለው በማስታወቂያ ነው። በ1960ዎቹ የአንድ ሰዓት ድራማ ለራሱ 50 ደቂቃ ገደማ ነበረው። ዛሬ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማስታወቂያው ስለበዛ ከድራማው ላይ ይቆረጣል። ይህ ፔሪ ሜሰን ላይ በደንብ ይታወቃል። ጠበቃው ፍርድ ቤት ቆሞ አንዱን ምስክር ያፋጥጣል፤ አባቴ "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሰውዬው የገባበት ትዕይንት ተቆርጦ ሳይሆን አይቀርም። ሙሉውን የፈለገ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ዲቪዲውን ይጠይቅ።

የማስታወቂያው ዓይነትም ተመልካቹ ማን እንደሆነ ይነግራል። በር ያለው መታጠቢያ ገንዳ፣ የቀብር ኢንሹራንስ፣ የጉልበት ቅባት። ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 የሜዲኬር፣ የአረጋውያን የጤና መድን፣ መመዝገቢያ ወቅት ስለሆነ እሱ ብቻ ነው። ፈገግ የሚል ሽማግሌ ወጥቶ "አሁኑኑ ይደውሉ" ይላል። አባቴ ደግሞ ሰው ሲጠራቸው እምቢ ማለት አያውቁም፤ ብዕር ፈልገው ቁጥሩን ሲጽፉ ደረስኩባቸው። እዚህ ላይ ጠንከር ብያለሁ። ቴሌቪዥን ላይ ላለ ቁጥር እኔ ሳልኖር ስልክ የለም። ወላጅ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ውል አንቴናውን ከመስካቱ በፊት ቢይዝ ጥሩ ነው።

ቀኑን የሚሞላላቸው ግን የካውቦይ ድራማው ጋንስሞክ ሆኗል። ማርሻሉ፣ ፈረሱ፣ ያ ነጭናጫ ረዳቱ ፌስተስ። ከ1955 እስከ 1975፣ 20 ዓመት ሙሉ፣ 635 ክፍል ነው የተሠራው። ጣቢያው በቀን አንድ እያለ ያወጣል፤ ሲጨርስም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቁጥሩን የነገርኳቸው ቀን አባቴ ጥቂት አሰቡ። "ታዲያ ምን ቸኮልን" አሉና ድምፁን ጨመሩት።